ለመስጂድ የተወቀፈ የጉድጓድ ውሃ ለጎረቤት ይሰጣል?

አቡ ሱመያ፦
አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የሰፈራችን መስጂድ ኮሚቴ አባል ነኝ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ መምጣት ከጀመረ በኋላ አንድ ወንድም በግቢው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ፓምፕና ሮቶ ጨምሮ ወቅፍ (ለአላህ ተብሎ ለዘለቄታው የሚሰጥ ንብረት) አድርጎልናል። አሁን ፈረቃው በዘገየ ቁጥር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ጀሪካን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። ከኮሚቴው ገሚሱ ውሃው ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የተሰጠ ስለሆነ ከግቢ መውጣት የለበትም ሲል፣ ሌላው በጀሪካን ጥቂት ብር እያስከፈልን እንስጥ ይላል። መከልከሉም ሆነ ማስከፈሉ በሸሪዓ እንዴት ይታያል?

የፊቅህ ተማሪ፦
ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ወቃፊው (ወቅፉን የሰጠው ሰው) ሲሰጥ ምን እንዳለ አጣሩ፤ በሕይወት ካለ ደውሎ መጠየቅ ከክርክሩ ይቀላል። የወቃፊ ቃል በዚህ ጉዳይ ትልቅ ክብደት አለው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ (ከአራቱ የሱኒ የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ) ለመጠጥ ብቻ ተብሎ በተሰጠ ውሃ ውዱእ ማድረግ እንኳ አይፈቀድም። ቃሉ ጥቅል ከሆነ የአካባቢው ልማድ ይታያል።

ወደ መከልከሉ ስንመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተረፈ ውሃን መንፈግ እንደከለከሉ የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች ናቸው ብለዋል። ሊቃውንቱ ይህን ሲያብራሩ የወንዝ ውሃ የሁሉም ነው፤ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ቅድሚያ አለው፣ ከራሱ፣ ከቤተሰቡና ከከብቶቹ የተረፈውን ግን ለተጠማ መንፈግ አይችልም፤ በዕቃው ቀድቶ ያስቀመጠው ግን ንብረቱ ስለሆነ ሊሸጠው ይችላል ይላሉ። ሮቶ ውስጥ የገባው ውሃችሁ ከመጨረሻው ጋር ይመሳሰላል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ኮሚቴው የወቅፉ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ የመብራትና የፓምፕ ጥገና ወጪን ማካፈል አንድ ነገር ነው፣ ከወቅፍ ውሃ ማትረፍ ሌላ ነው። ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ.) መዲና ውስጥ የሩማን ጉድጓድ ከባለቤቱ ገዝተው ወቅፍ ያደረጉት እኮ ሰዎች ያለ ክፍያ እንዲቀዱ ነበር።

ጎረቤቱ ክርስቲያን መሆኑ ለክልከላ ምክንያት አይሆንም። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ በሐዲስ ተነግሮናል፤ ጎረቤት ሰው ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ኡሙ ሀምዛ፦
ወንድሞች፣ ስለ ትርፍ ከመከራከራችን በፊት ምን ያህል እንደሚተርፍ እንመልከት። በሴቶች ውዱእ ቦታ የማየውን ልንገራችሁ፤ ቧንቧው መጀመሪያ ይከፈታል፣ ከዚያ እጅጌ ይሰበሰባል፣ ሂጃብ ይስተካከላል፣ ጨዋታም አለ፣ ውሃው ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ይፈሳል። የነቢዩ አገልጋይ የነበሩት አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ (አራት ሙድ) እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ገላቸውን ይታጠቡ ነበር። ሙድ ማለት ከባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ለኮሚቴው የምጠይቀው ቀጭን የሚያፈሱ፣ ሲለቀቁ ራሳቸውን የሚዘጉ ቧንቧዎች እንዲገጠሙ ነው፤ ምክሩ ብቻውን አልሠራም።

አቡ ሱመያ፦
ጀዛኪላሁ ኸይር እኅቴ። «በሚፈስ ወንዝ ዳር ብትሆንም አታባክን» የሚለውን የሰዕድን ሐዲስ በግድግዳው ላይ ለጥፈን ነበር።

የፊቅህ ተማሪ፦
እሱ ኢብን ማጃህ የዘገቡት ሲሆን ሰነዱ (የዘጋቢዎቹ ሰንሰለት) ደካማ እንደሆነ ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ገልጸዋል። መልእክቱ ትክክል ነው፤ ለግድግዳ ግን የአነስ ሐዲስ ይሻላል፤ ሰነዱ ጠንካራ ነው፣ ልክም ይሰጣል።

ባለሙያው፦
ሥራዬ የውሃ መስመር ዝርጋታ ነው። የውዱእ ፍሳሽ ከሽንት ቤት መስመር ጋር ተቀላቅሎ የሚሄድባቸው መስጂዶች ብዙ ናቸው፤ ለየብቻ ቢዘረጋ ለዛፍና ለሽንት ቤት ማጽጃ ይበቃል። በሻፊዒይ እይታ ያገለገለ ውሃ ዳግም ውዱእ አይደረግበትም እንጂ ንጹሕ ነው። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማ ምክር ቤት በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከዚህም አልፎ፣ በሚገባ ተጣርቶ ጣዕሙ፣ ቀለሙና ሽታው የተመለሰ የፍሳሽ ውሃ ለጠሃራ (ለአምልኮ ለመንጻት) እንደሚሆን፣ ጤና የማይጎዳ ከሆነም እንደሚጠጣ ወስኗል። እናንተ ይህን አያስፈልጋችሁም። ይልቅስ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ አስለኩ፣ ውሃውንም ለጎረቤት ከመስጠታችሁ በፊት አስመርምሩ።

አቡ ሱመያ፦
ባረከላሁ ፊኩም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ በበጋ ጉድጓዱ ቢቀንስና ለውዱእም ለጎረቤትም ባይበቃ ማን ይቀድማል?

የፊቅህ ተማሪ፦
የተጠማ ይቀድማል። በእጁ ያለው ውሃ ለተጠማ ሰው ወይም እንስሳ የሚያስፈልግ ከሆነ ሰውየው ውሃውን ትቶ ተየሙም (በንጹሕ አፈር መንጻት) እንዲያደርግ የፊቅህ ሊቃውንት ደንግገዋል፤ ውዱእ ምትክ ሲኖረው ጥም ምትክ የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን ለይታችሁ ለእያንዳንዱ ቤት በልክ ስጡ። ለልብስ ማጠቢያ የመጣ ጀሪካን ግን ከሰጋጆች ውዱእ አይቀድምም። ወላሁ አዕለም።