የእግዚአብሔር ቁጣ እውነተኛ ስሜት ነው ወይስ የአነጋገር ዘይቤ?

ጥያቄ፦
በዘጸአት 32፥10 እግዚአብሔር ጥጃ ባመለኩት እስራኤላውያን ላይ ቁጣው እንዲነድድ «ተወኝ» ይለዋል ሙሴን፤ ቁጥር 14 ላይ ደግሞ ይራራል። በሚልክያስ 3፥6 ግን እንደማይለወጥ ይናገራል። የማይለወጥ አምላክ እንዴት ይቆጣል? ቁጣውስ እንዴት ይበርዳል? ዘይቤ ብቻ ነው ካልን «ይወደናል» የሚለውም ዘይቤ ሊሆን ነው። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ይኸኛው ነው።

መልስ 1፦
ከቃሉ ቢጀምሩ ይሻላል። በዕብራይስጥ ለቁጣ ብዙ ጊዜ የሚገባው ቃል «አፍ» ነው፤ ትርጉሙ አፍንጫ። (የኛ «አፍ» እንዳያሳስትዎ፤ ዘመዱ የግእዙ «አንፍ» ነው።) «ተቆጣ» ለማለት «አፍንጫው ነደደ» ይላል፤ ታጋሹን «አፍንጫ ረጅም» ይለዋል። በዘጸአት 34፥6 ስለ እግዚአብሔር የተነገረው ቃል በቃል ይኸው ነው። የግሪኩ ትርጉም አፍንጫውን ትቶታል፤ ግእዙ ዳዊትም «ርኁቀ መዓት» (ቁጣው የራቀ) ይላል። አፍንጫው ምስል መሆኑን ማንም አይክድም፤ ጥያቄው ምስሉ ምን ያሳያል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ጥቅስ ነጥሎ ሲይዝ ነው። 1ኛ ሳሙኤል 15ን በአንድ ቁጭታ ያንብቡ፦ ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ ተጸጸትሁ ይላል፣ ቁጥር 29 እንደ ሰው አይጸጸትም ይላል፣ ቁጥር 35 ተጸጸተ ብሎ ይዘጋል። በዕብራይስጡ ሦስቱም ቦታ ያው አንድ ግስ ነው። ጸሐፊው ተዘናግቶ አይደለም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ እንድንይዝ ፈልጎ ነው።

መልስ 2፦
አባቶች እዚህ ላይ አንድ አቋም የላቸውም። አውግስጢኖስ የእግዚአብሔር ቁጣ የአእምሮ መታወክ ሳይሆን በኃጢአት ላይ ቅጣት የሚያመጣ ፍርድ ነው ይላል። አርጌንስ (ኦሪጀን) አባት ለሕፃን ልጁ አንደበቱን አኮላትፎ እንደሚያናግረው አድርጎ ያየዋል። የኛ መምህራን «በሰው ልማድ ተናገረ» የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ላክታንጥዮስ ግን ቁጣው እውነተኛ ነው ብሎ ተከራከረ፦ ክፉን የማይጠላ ደጉን አይወድም። ቁጣውን ያነሣ ፍቅሩንም አብሮ ያነሣል ማለት ነው፤ የእርስዎን ጭንቀት ቀድሞ አይቶታል።

መልስ 3፦
ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፍቅርና ቁጣ እኩል አልተቀመጡም። 1ኛ ዮሐንስ 4፥8 «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ይላል፤ «እግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚል የትም የለም። ቁጣ ምክንያት ይጠይቃል፣ መነሻም ማብቂያም አለው። ስለዚህ ስለ ቁጣው «በሰው ልማድ» ያለ ሰው ስለ ፍቅሩም እንዲሁ እንዲል አይገደድም።

ወደ ዘጸአት 32 ይመለሱና ቁጥር 19ን ይዩ። ሙሴ ጥጃውንና ዘፈኑን ሲያይ የእርሱም «አፍንጫ ነደደ»፤ ለእግዚአብሔር የተነገረው ያው ሐረግ ነው። የሙሴ ቁጣ ወዲያው ጽላቱን ወርውሮ ሰበረ። የእግዚአብሔር ቁጣ ግን «ተወኝ» ብሎ ለሚማልድ ሰው ቦታ ሰጠ፤ ምልጃውንም ሰማ። ቃሉ አንድ፣ አካሄዱ ሁለት።

መልስ 2 የጠቀሰውን የአውግስጢኖስን ሐሳብ የምቃወመው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጣው የቅጣት ሌላ ስም ብቻ ከሆነ ሆሴዕ 11፥8 ላይ የእግዚአብሔር ልብ በውስጡ የተገላበጠው በምን ምክንያት ነው? በዚያ ምዕራፍ ቅጣቱ ገና አልተፈጸመም። ቀጥሎ ቁጥር 9 የቁጣውን ጽናት የማያደርግበትን ምክንያት ሲሰጥ «አልተቆጣሁምና» አይልም፤ «እኔ አምላክ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁምና» ነው የሚለው።