ለድሮ ቤልጅግ ሴራኮት ይሆናል? (ደሴ)

ጦሳ ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያት የወረደ፣ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ማውዘር ጠመንጃ ነው። የበርሜሉ ጥቁር ቀለም ግማሹ ለቋል፤ እንጨቱ ሥር የተደበቀው ብረት ላይ ዝገቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ሠርቷል። ኮምቦልቻ አንድ የመኪና ቀለም ቤት እቀባዋለሁ ይላል፤ ሴራኮትም (ሴራሚክ ያለበት የጠመንጃ ቀለም) ከውጭ የሚያመጣ ሰው አለ። የትኛው ይሻላል? ከሥሩስ ፎስፌት (ብረቱን ትኩስ የኬሚካል ገንዳ ውስጥ ነክሮ የሚሠራ ፀረ ዝገት ሽፋን) ያስፈልገዋል?

ቦርከና
የመኪናውን ቀለም እርሳው ወንድሜ። ከአንቲሩጂኑ እስከ ማብረቂያው ሲደራረብ 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ) ይደርሳል፣ ሴራኮት ግን 25 ገደማ ነው። መቀባበያው በሚንሸራተትበት ቦታ ያ ሁሉ ውፍረት ወይ ይይዘዋል ወይ ተልጦ ይረግፋል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የመኪና ቀለም ደግሞ አይሶሳይኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው በጨርቅ ጭምብል አይረጭም።

ሴራኮት ካስመጣህ ኤች የሚለውን አስመጣ። ሲ የሚለው ያለ ምድጃ በአምስት ቀን ገደማ ይጠናል፣ መፋቅንና ኬሚካልን በመቋቋም ግን ኤች ይበልጠዋል። ኤች 121 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት መጋገር አለበት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ብረቱ ራሱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው፤ የምድጃ ቁልፍ ስለሚዋሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጥ። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ሲመጣ ከዜሮ ቁጠር። ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ደግሞ በፍጹም እንዳትጠቀም።

ሥራው የሚበላሸው ግን ቀለሙ ላይ ሳይሆን እጥበቱ ላይ ነው። ጥይት አለመኖሩን አይተህ ሙሉ በሙሉ ፍታው፣ እንጨቱን ለይ፣ ብረቱን አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፍ። ከዚያ ባዶውን 150 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አሙቀው። የዝገቱ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ የዘመናት ዘይት እንደ ላብ ጠብ ጠብ ብሎ ይወጣል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ታየዋለህ። እንደገና እጠብ፣ እንደገና አሙቅ፣ ነጭ ጨርቅ ስትጠርግበት ነጭ ሆኖ እስኪመለስ። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙ እንደ ተልባ ፍሬ ክብ ክብ እየሠራ ሲሸሽ ያያል፤ ያኔ ፍቆ ከመጀመር ሌላ መድኃኒት የለውም።

ቀጥሎ ብረቱ በ100 ቁጥር አልሙኒየም ኦክሳይድ (ሻካራ ዱቄት) በአየር ግፊት ይነፋል። የበርሜሉን ውስጥና ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ በጎማ ውተፍ፤ መቀባበያው፣ ሞላዎቹና የብሎን ጥርሶች አይነፉም፣ አይቀቡም። ከተነፋ በኋላ በባዶ እጅ አትንካው፣ በዚያው ቀን ቀባው። ድብልቁ 18 ለ 1 ነው፤ ለአንድ ጠመንጃ 90 ሚሊ ሊትር ቀለም በ5 ሚሊ ማጠንከሪያ ይበቃል። የመርጫው አፍ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክረምት ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ላይ ውሃ ማጣሪያ ግድ ነው።

ሐረጎ
ፎስፌቱን በተመለከተ፦ ግዴታ አይደለም፣ ግን ቀለሙ ቢጫር ዝገቱ ከሥር እንዳይሄድ ይይዘዋል። የማንጋኒዝ ፎስፌት ገንዳ ከ88 እስከ 96 ዲግሪ ይላል መመሪያው። የእኛ አገር ከፍታ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ 92 ላይ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 94 ላይ። 95 አደርሳለሁ ብለህ እሳት ብትጨምር መንተክተክ ብቻ ነው ትርፉ፤ አተላው ከሥር ተነሥቶ ብረቱ ላይ ግራጫ አቧራ ይሆናል። 90 ላይ ያዘው፣ አረፋው እስኪቆም ጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሴራኮት የሚከተለው ከሆነ ከገንዳው ሲወጣ ዘይት አትቀባው። ፎስፌት ዘይት እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ ኋላ ምድጃ ውስጥ ይተፋዋል።

የኋላ ማነጣጠሪያው በስታኞ የተያዘ ከሆነም አትስጋ፤ ስታኞ የሚቀልጠው ከ183 ጀምሮ ነው። በኮስቲክ ሶዳ የሚደረገው ትኩስ ማጥቆሪያ ግን ስታኞውን ይበላዋል።

አይጠየፍ ሰፈር
ቆይ፣ አንድ ሰው ያልጠየቀው አለ። ጥይቱ ከሚገባበት በላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል? ካለ ማስነፋቱ ይቅር። በመጀመሪያ የሚጠፋው አንበሳው የያዘው ዘንግ ጫፍ ነው፣ ቀጥሎ ጋማው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። የጠመንጃው መለያ ቁጥርም ነገር እንዲሁ ነው፣ ከፈቃድ ወረቀትህ ጋር የሚመሳከረው እሱ ነውና በቀለም ደፍነህ መከራ አትግዛ።

ዘይቱን አጥበህ ብረቱን በዝናብ ውሃ ቀቅለው። የቧንቧ ውሃ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ደሴ ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚፈላ 20 ደቂቃ የሚባለውን 30 አድርገው። ላዩ ላይ የቀረውን ልል ዱቄት ባለ አራት ዜሮ (በጣም ለስላሳ) የብረት ሱፍ በቀስታ አንሣ፣ ሳትጫን።

ጦሳ ሥር
አንበሳው አለ፣ ዘንጉም በግማሽ ይታያል። ቅቀላውን መረጥኩ። እንጨቱ ሥር ያለው ጉድጓድስ?

ቦርከና
እንዲህ ከሆነ እኔም ሴራኮቱን ትቻለሁ። ከቅቀላው በኋላ ገና ሞቅ እያለ ማይክሮክሪስታሊን ሰም በስሱ ቀባበት፣ ጉድጓዱ ውስጥ በብሩሽ አስገባ፣ ሲበርድ ጥረገው። የእንጨቱን የውስጥ ፊት ደግሞ የተፈላ የተልባ ዘይት አጠጣው። እንጨቱ ሳይደርቅ እንዳትገጥመው፤ እርጥበቱን ብረቱ ላይ ይዞ ያስቀምጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንዴ ፍተህ እየው።