ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ ክፍል፣ ሦስት ወር፦ ለጸደይ የላይብረሪ ፕሮግራም ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ ባለመደርደሪያዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ የሕዝብ ላይብረሪ ነው። ሠራተኞቹ ሁለት ነን። ያለን ክፍልም አንድ ነው፤ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ከገፋናቸው ሠላሳ ሰው ይይዛል። አሁን ለጸደይ፣ ማለትም ከማርች እስከ ሜይ ላሉት ሦስት ወራት፣ የፕሮግራም ዝርዝር አቅርቡ ተብለናል።

ባለፈው ዓመት በጉጉት አሥራ አራት ፕሮግራም አውጥተን ነበር። የግጥም ምሽት፣ የእጅ ሥራ፣ የኮምፒውተር ትምህርት፣ ምኑ ቅጡ። ለግጥም ምሽቱ ሦስት ሰው መጣ። ከሦስቱ አንዱ ዝናብ ሊጠለል የገባ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ወንበር ደርድሬ ነበር። ሃያ ሰባቱን ባዶ ወንበር እነሱ እያዩኝ ስሰበስብ የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ዘንድሮ አይደገምም ብያለሁ። ስንት ፕሮግራም ይበቃናል? የልጆች የተረት ሰዓት ልንጀምር ነው፤ እንዴት ነው የሚመራው? አዋቂዎችንስ ምን ያመጣቸዋል? አለቃዬ ደግሞ ፊልም በፕሮጀክተር እናሳይ ይላሉ፤ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ምንጣፍ ላይ

እህቴ፣ አሥራ አራት ፕሮግራም ለሁለት ሰው? ኧረ ለነፍሳችሁም እዘኑላት!

እኔ የምለው፣ በየሳምንቱ የሚደጋገም አንድ፣ በወር አንዴ የሚሆን አንድ፣ በሦስቱ ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ትልቅ ዝግጅት አንድ። በቃ። የሳምንቱ ቀኑም ሰዓቱም አይነካ። ቅዳሜ ረፋድ ካላችሁ ሁልጊዜ ቅዳሜ ረፋድ ነው። ወላጅ የፕሮግራም ዝርዝር አይሸመድድም፤ "ቅዳሜ ላይብረሪ አለ" የሚለውን ግን ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት አራት ልጅ ብቻ ቢመጣም አትሰርዢ።

የተረት ሰዓት ለዓመታት መርቻለሁ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር መጻሕፍት ይበቃሉ። በመካከላቸው የሚያስነሣና የሚያስጨበጭብ ነገር ጣል አድርጊበት። ረጅሙን መጀመሪያ፣ አጭሩን መጨረሻ አንብቢ። ትዕግሥታቸው እያለቀ ነው የሚሄደው።

መጽሐፉን ከትከሻዬ ጎን፣ ገጹን ወደ ልጆቹ አዙሬ ነው የምይዘው። ስለዚህ ጽሑፉን የማየው በሰያፍ ነው፤ ቀድሜ ካላነበብኩት እኮላተፋለሁ። ዋዜማውን ማታ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የቤቴ ሰዎች ለምደውታል። አንድ ጊዜ ሳላነበው ሄጄ፣ መሃል ላይ ድመቷ የምትሞትበት መጽሐፍ ሆኖ አረፈው። አንዲት ልጅ ማልቀስ ስትጀምር ሌሎቹም ተከተሏት። የዚያን ቀን ግማሹን ሰዓት ያሳለፍነው በማባበል ነው።

ልጅ ተነሥቶ መጥቶ ሥዕሉን ቢነካ "ተቀመጥ" አትበይው። እኔ ድሮ እል ነበር። አንድ ትንሽዬ ልጅ በየገጹ እየመጣ ጥንዚዛዋ የት እንደተደበቀች በጣቱ ሲፈልግ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ገጽ የመግለጥ ሥራ የእሱ ሆነ። ሌሎቹም ተራ ይጠብቁ ጀመር።

ሲያልቅ ሃያ ያህል መጻሕፍት ሽፋናቸው ወደ ላይ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ይዘርጉ። መደርደሪያ ላይ ጀርባው ብቻ የሚታየውን መጽሐፍ ትንንሽ ልጆች አይመርጡትም። ተረት ሰምቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ አይኑር።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የወንበሩ ነገር አሳዘነኝ። እኔ ብሆን ስምንት ወንበር በክብ አስቀምጬ የቀረውን ጥግ ላይ እደራርበው ነበር። ሰው ሲጨምር ወንበር ይጨመራል። በክብ የተቀመጡ አራት ሰዎች ጨዋታ ነው የሚሆኑት። በሠላሳ ወንበር መሃል ያሉ አራት ሰዎች ግን ለቅሶ ቤት የቀሩ ይመስላሉ።

ግጥምን በተመለከተ፣ ሰውን "ና ስማ" ብለሽ አትጥሪው። "የምትወደውን አንድ ግጥም ይዘህ ና፤ የራስህ መሆን የለበትም" በይው። ያን ጊዜ የሚመጣው ሰው ሥራ ይዞ ነው የሚመጣው። ማርች 21 (መጋቢት 12) የዓለም የግጥም ቀን ነው፤ ዩኔስኮ ቀኑን የወሰነው በ1999 ነው። ለልጆች ደግሞ ኤፕሪል 2 (መጋቢት 24) ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን አለ። ከ1967 ጀምሮ የሚከበር ሲሆን፣ የዴንማርኩ ተረት ጸሐፊ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን የልደት ቀን ነው። ኤፕሪል 23 (ሚያዝያ 15) ዩኔስኮ በ1995 የወሰነው የመጽሐፍና የቅጂ መብት ቀን ነው።

ሁሉንም ላክብር እንዳትዪ ግን። አንዱን ምረጪ። ቀን ማክበር ብቻውን ሰው አያመጣም፤ ጥቅሙ ለማስታወቂያው ሰበብ ማግኘት ነው።

መልስ፦ ዘር ሰብሳቢ

አዋቂ ምን ያመጣዋል ላልሽው፣ እኔ የዘር ልውውጥ እላለሁ። ለጸደይ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንባቢ አይደለሁም የሚል ሰው እንኳ ዘር ይዞ ይመጣል። በዚያ ቀን ስለ ጓሮ አትክልት ያሉሽን መጻሕፍት ከዘሩ ጠረጴዛ አጠገብ ደርድሪ። በዲዊ አመዳደብ፣ ማለትም መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚለየው አሠራር፣ የምትሠሩ ከሆነ 635 ላይ ታገኛቸዋለሽ። አእዋፍ የሚወዱ ካሉም 598 ጨምሪበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶ ፖስታዎችና እርሳስ ይዘጋጅ። ፖስታው ላይ የአትክልቱ ስም፣ የተለቀመበት ዓመት፣ ፀሐይ ይፈልግ ጥላ ይጻፍ። ዓመት ያልተጻፈበትን ዘር አትቀበዪ። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት ወዲያ ብዙም አይታመንም፤ የቲማቲም ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትም ይቆያል።

የምትጠራጠሩት ዘር ካለ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ፈትኑት። አሥር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ አሰልፈሽ ጠቅልይው። ላስቲክ ውስጥ ከትተሽ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪው። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ገልጠሽ የበቀለውን ቁጠሪ። ስምንቱ ነጭ ሥር ካወጣ ዘሩ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ወይ አብዝቶ መዝራት ነው፣ ወይ መጣል። ይህንኑ ለልጆች በመስታወት ብልቃጥ አድርጊላቸው። ባቄላ ተመራጭ ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ በግልጽ ይታያል። በየቅዳሜው የመጀመሪያ ሥራቸው ብልቃጡን ማየት ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር የሚለቅም ሰው ከቦሎቄ፣ ከቲማቲም ወይም ከሰላጣ ይጀምር፤ እነዚህ ባብዛኛው ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ልጁ እናቱን ይመስላል። ዱባ ግን ንብ ከጎረቤት ዱባ ጋር ታዳቅለዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚወጣ እንጃ።

መልስ፦ ጥንቁቁ

የፊልሙን ልመልስ። ዲስኩን ገዝታችኋል ማለት ለሕዝብ የማሳየት መብት አላችሁ ማለት አይደለም። የግል ስትሪሚንግ አካውንትም እንደዚያው ነው። በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ሕግ ቤት ውስጥ ማየትና አዳራሽ ከፍቶ ሰው ሰብስቦ ማሳየት ለየብቻ ናቸው፤ መግቢያ ባታስከፍሉም ለሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአለቃሽ ይህን ንገሪያቸው። ፊልም ከፈለጉ ከባለመብቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ።

ሌላ ደግሞ፣ የልጆች ፎቶ። ወላጅ ሳይፈቅድ አንሥታችሁ አትለጥፉ። እጃቸውን፣ ብልቃጡን፣ የተዘረጉትን መጻሕፍት ብታነሡ ይበቃል።

መልስ፦ ፖስተር ለጣፊ

ፕሮግራሙ ጥሩ ሆኖ ሰው ያጣውን ስንቱን አይቻለሁ። ላይብረሪ ውስጥ የለጠፍሽውን ፖስተር የሚያነበው ቀድሞውንም የመጣ ሰው ነው! ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ለጥፊው። ጤና ጣቢያ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ የትምህርት ቤት በር። ጽሑፉ አራት ነገር ብቻ ይበል፦ ምን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል። "ነፃ" የሚለው ቃል ጎላ ይበል።

ምዝገባን በተመለከተ፣ ለተረት ሰዓት አትመዝግቡ። ዕቃ የሚያስፈልገው ነገር፣ ለምሳሌ የእጅ ሥራ፣ ከሆነ ግን መዝግቡ፤ ዋዜማውን አጭር መልእክት ላኩ። ነፃ ፕሮግራም ላይ የተመዘገበ ሁሉ አይመጣም።

የኮምፒውተር ትምህርቱን ክፍል አድርጋችሁ አታስተምሩ። "ስልክዎን ይዘው ይምጡ" በሉ፤ ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ። ትልልቅ ሰዎች እንደ ተማሪ ተሰልፈው መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። የይለፍ ቃላቸውን ግን እናንተ እንዳትጽፉላቸው፤ ራሳቸው ይጻፉት፣ እናንተ ዞር በሉ።

ባለመደርደሪያዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ዝርዝሩን ከአሥራ አራት ወደ አራት አወረድነው። አራቱ እነዚህ ናቸው። በየቅዳሜው ረፋድ የተረት ሰዓት። በወር አንዴ የስልክ ማገዣ ሰዓት። ማርች 21 የግጥም ክብ፣ በስምንት ወንበር። ኤፕሪል ላይ የዘር ልውውጥ። ፊልሙን አለቃዬ ተዉት፤ ግን አሁን ደግሞ "ለዘር ልውውጡ ትንሽ መግቢያ ለምን አናስከፍልም?" ብለዋል። ምን ልበላቸው?

ጡረተኛው መምህር

የኢፍላን (የዓለም አቀፉን የላይብረሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮን የሕዝብ ላይብረሪ ማኒፌስቶ አትመሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪላቸው። መጀመሪያ የወጣው በ1949 ነው፤ መጨረሻ የታደሰው በ2022። የሕዝብ ላይብረሪ አገልግሎት በመርህ ደረጃ ነፃ መሆን እንዳለበት ይናገራል። እኔ ስናገር የማይሰማ አለቃ ነበረኝ፤ ወረቀት ሲያይ ግን ዝም ይል ነበር።

ዘር ሰብሳቢ

መግቢያው ዘር ይሁን በያቸው! ባዶ እጁን የመጣም አይመለስ፤ ፖስታ ላይ እንዲጽፍ እርሳስ ስጪው፣ በዚያ ይክፈል።

የተረፈውን ዘር ደግሞ እንዳትጥዪው። የድሮ የካታሎግ ካርድ መሳቢያ ካላችሁ ለፖስታ ልኩ ነው። በፊደል ተራ አስገቢና መጽሐፍ ከሚዋሱበት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጪው። ዘሩን የወሰደ ሰው ምርት ሲደርስ ጥቂት ፍሬ ይመልሳል። መጽሐፍ የሚያዋስ ቤት አይደል?

ባለመደርደሪያዋ

መሳቢያው አለን! ምድር ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት እናወጣዋለን። ባልደረባዬ እጀታዎቹን ከአሁኑ እየቆጠረች ነው፤ ሁለት ጎድሏል አለች።