«ዘ ክሮው»ን ያነበባችሁ፦ በቀሉ ነው ወይስ ሐዘኑ የያዛችሁ?

ሰላም ናችሁ። የጄምስ ኦባርን «ዘ ክሮው» (ቁራው) የተባለ በሥዕል የተተረከ ልብ ወለድ ትናንት ሌሊት ጨረስኩት። ፊልሙን ቀድሜ አይቼው ስለነበር፣ የሞተ ሰው ተነሥቶ ገዳዮቹን አንድ በአንድ ሲለቅም አያለሁ ብዬ ነው የገባሁበት። እሱም አለ። ግን ያንን ከሞት የተነሣ ሰው፣ ኤሪክን፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የተገደለችበትን እጮኛውን ሼሊን ሲያስታውስ ነው የምናየው። አንዱን ገድሎ ሲመለስ እንኳ ቅልል አይለውም። ይሄ የታሪኩ ድክመት ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው?

የሌሊት አንባቢ
ሆን ተብሎ ነው ባይ ነኝ። በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የኦባርን እጮኛ የሰከረ ሹፌር ገጭቶ ገደላት። ልጁ ገና ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወታደር ሆነ፣ በ1981 ጀርመን እያለ ይህን መሣል ጀመረ፣ ታትሞ የወጣው ግን በ1989 ነው። መሣሉ እፎይ እንዳላሰኘው፣ እንዲያውም እንዳባሰበት ራሱ ተናግሯል። ታዲያ የሣለው ሰው ያላገኘውን እፎይታ ኤሪክ ከየት ያምጣው?

ጥቁር ቀለም
ሥዕሉንም እዩት እንጂ። የግድያው ገጾች ድፍን ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ዓይን ይወጋሉ። ሼሊ ያለችባቸው ደግሞ ለስለስ ያለ ግራጫ። ገጹን ስትገልጡ ሳታነቡ ትዝታ ውስጥ መግባታችሁን ታውቃላችሁ። 2011 ላይ በወጣው እትም የተጨመሩ ገጾችም አሉ። ኤሪክ ባቡር ላይ ሆኖ እሾሃማ ሽቦ የተበተበው ነጭ ፈረስ ያያል፣ ባቡሩ አይቆምለትም። እኔን ከተኩሱ ሁሉ ይልቅ እሱ ነው አንጀቴን የበላው።

ሐሳበ ግትር
እኔ ትንሽ አልስማማም። ወንበዴዎቹ ሳሱብኝ፣ ከፈንቦይ በቀር ሰው የሚመስል የለም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ ኤሪክና ሼሊ የተገደሉበትን ጥቃት ቤታቸው ውስጥ አደረገው፣ መጽሐፉ ላይ መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽታ ነው። ኤሪክ ጭንቅላቱን በጥይት ተመቶ ወድቋል፣ መንቀሳቀስ አይችልም፣ ሼሊ ላይ የሚደረገውን ግን ያያል። ቁራው አትመልከት ይለዋል፣ እሱ ዓይኑን አይነቅልም። ለኔ በኋላ የሚያሳድደው ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ያንን መንቀሳቀስ ያቃተውን ራሱንም ነው፤ ገላውን በምላጭ ሲቆርጥ የምናየውም ለዚህ ይመስለኛል። (በነገራችን ላይ በእኛ ቋንቋ «የቁራ መልእክተኛ» ሄዶ የሚቀር ነው። ይሄኛው ቁራ ግን የሞተውን ይዞ ይመለሳል። ሳነብ ፈገግ ያልኩት እዚያች ጋ ብቻ ነው።)

ጠያቂው
የባቡሩና የፈረሱ ነገር አሁን ገባኝ፣ ኤሪክ እዚያም ያያል እንጂ መድረስ አይችልም። ችግሩ የኔ እትም የድሮው ነው መሰለኝ፣ ፈረስ የሚባል ነገር አላየሁም። አዲሱን ፈልጌ እንደገና ልጀምረው ነው።