ለጨው ውኃ ገንዳ ድንጋይ፦ የድሬዳዋ ጥቆማ

«ለባሕር ዓሣ ገንዳዬ ሕያው ድንጋይ ከጅቡቲ የሚያመጣልኝ ሰው ጠቁሙኝ» የሚለው ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ከጅቡቲ አታምጡ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሕያው ድንጋይ ማለት ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሰፈሩበት፣ ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት አፅም ነው፤ ድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ተመዝግበዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ያለ ፈቃድ ወረቀት በጆንያ ጠቅልሎ የሚያመጣላችሁ ሾፌር ውለታ አይደለም የዋለላችሁ፤ ኮንትሮባንድ ነው ያሸከማችሁ።

ታዲያ ምን ይሻላል? የገንዳውን አብዛኛውን ድንጋይ ከዚሁ ከድሬ ውሰዱ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ያቆመ የኖራ ድንጋይ በደጃችን ሞልቷል። ድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ ሂዱና ቀዳዳ የበዛበትን፣ ለእጅ ቀለል የሚለውን ምረጡ። አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት የሚፈላ ከሆነ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝገት የመሰለ ቀይ መስመር ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር ያለበትን ተዉት። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መልቀም ርካሽ ነው፤ ጎርፉ ግን ምን ይዞ እንደሚመጣ የድሬ ሰው ያውቃል። የጥንት ሥዕል ካለባቸው ዋሻዎች አካባቢ ደግሞ ጠጠር እንኳ አታንሱ፤ ቅርስ ነው። እውነቱን ለመናገር የእኛ ድንጋይ ከኮራል ይልቅ ይከብዳል፤ ቀዳዳውም ያንሳል። ለመሠረት ግን ይበቃል።

ሕይወቱን የሚያመጣላችሁ ከላይ የሚቀመጠው ሁለት ሦስት ኪሎ ሕያው ድንጋይ ነው። ለዚህ የምመክረው አዲስ አበባ ገንዳቸውን የሚያፈርሱ ወይም የሚያሳንሱ ሰዎችን ነው። ለዓመታት ውኃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ አዲስ ከባሕር ከወጣው በእጅጉ ይሻላል፤ የሚሞተው ሞቶ ያለቀ ነውና።

ማጓጓዣን በተመለከተ ሦስቱንም ሞክሬአለሁ። አውቶቡስን አልመክርም። የመጀመሪያዬን ድንጋይ በጄሪካን ውኃ ውስጥ ነክሬ በግንቦት ወር አስጫንኩት፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ አሰረው፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ተቀቅሎ ደረሰ። ክዳኑን ስከፍት የወጣው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ጎረቤቴን እማማን ከበራቸው አስነሣቸው። «ምን ሞቶብህ ነው ልጄ?» አሉኝ። በእርግጥም ሞቶ ነበር። ጥፋቱ ግን የረዳቱ ብቻ አልነበረም። በተዘጋ ውኃ ውስጥ ኦክስጅኑ በሰዓታት ያልቃል፤ ስለዚህ ድንጋይ መንከር ሳይሆን ማርጠብ ነው የሚያስፈልገው። ይህንን የአወዳይ ጫት ጠቅላዮች ከእኔ በፊት ያውቁታል፦ እርጥብ አድርገህ ጠቅልል፣ ከፀሐይ ሰውር፣ ቶሎ አድርስ። በጨው ውኃ በተነከረ ጋዜጣ እያንዳንዱን ጠቅልሉና በወፍራም ፌስታል አድርጋችሁ መድኃኒት በሚመጣበት ነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። መድኃኒት ቤቶች ባዶውን ሣጥን ሲጥሉ ጠይቃችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ባቡሩ ጥሩ ነው፤ ሣጥኑ ከእግራችሁ ሥር ይሆናል፣ ጥላም አለው። የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ከተማ መግቢያውንም ማሰብ ያስፈልጋል። አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ያደርሳል፤ ለሦስት ኪሎ ድንጋይ ግን ቲኬት መግዛት እብደት ነው። ለሌላ ጉዳይ የሚመጣ ዘመድ ካለ ላኩበት፤ ፌስታሉን በሁለት ደርቡ፤ ጠብታ ከታየ ሻንጣው ይቀራል።

ሲደርስ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ አትክተቱት። እኔ «ማስታመም» የምለው ሥራ ይቀራል። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ ውኃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ፣ ጨለማ፤ ይኸው ነው። ጥቁር ወይም ነጭ ልጋግ የያዘውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። የሞተው ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያው ሲበዛ ግማሹን ውኃ ቀይሩ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ዜሮ ሆነው ሲቆዩ፣ ሽታውም የባሕር ሽታ ብቻ ሲሆን ድኗል። የእኔ ሁለተኛው ዙር 37 ቀን ፈጀ።

ገንዘባችሁን የምታወጡት በውኃው ላይ ይሁን። ማንቆርቆሪያን ነጭ የሚያለብሰው የቧንቧችን ውኃ ለዚህ አይሆንም። የ20 ሊትር የታሸገ ውኃ ለመጀመሪያው በርሜል ያዋጣል፤ በየሳምንቱ ለመቀየር ግን ኪስ ያራቁታል። ሦስት ሰዎች ሆናችሁ አንድ የቤት ማጣሪያ ብትገዙ ይሻላል፤ ውኃችን ኖራ ስለሚበዛበት ማጣሪያው ቶሎ እንደሚደፈን ግን እወቁ። የገበታ ጨው በምንም መልኩ አይተካም። የባሕር ውኃ ሲተን ካልሲየሙ አብዛኛው ቀድሞ ይዘቅጣል፤ የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የገንዳ ጨውና የአሞኒያ መመርመሪያውን እኔ ድሬ ውስጥ አላገኘሁም፤ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። በሊትር 35 ግራም ያህል ይበቃል።

ሙቀቱ 26 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። በሰኔ ይህ ቀልድ ይመስላል። ከድሬው ታይዋን ገበያ የተገዛች ትንሽ ማራገቢያ የበርሜሉን አፍ ስትነፍስበት ግን ደረቅ አየራችን ጥቂት ዲግሪ ያወርድላችኋል። የተነነውን በንጹሕ ውኃ ብቻ ሙሉ፤ ጨው አይተንም። መብራት ሲጠፋ አየር የምትነፋ ባለ ባትሪ ፓምፕ ደግሞ ከአልጋዬ አጠገብ ትቀመጣለች።

በ38ኛው ሌሊት በእጅ ባትሪ በርሜሉን ሳይ ከአንዱ ቀዳዳ ፀጉራም ትል አንገቱን አወጣና ብርሃኑን ሲያይ ተመልሶ ገባ። በማግስቱ ድንጋዩን ወደ ገንዳው አስገባሁት።