ያረጁ የክንድ ጎሚኒዎች፦ ፖሊዩሪቴን ልግጠም ወይስ ላስቲኩን በላስቲክ ልተካ?

ጥያቄ፣ መንገደኛው

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ትንሽ ባለ አምስት በር መኪና አለችኝ። የፊት ሰስፔንሽኗ (ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር ይዞ የመንገዱን ምት የሚውጠው ክፍል) ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ በየጎኑ አንድ የታችኛው ክንድ፣ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ደግሞ የፊትና የኋላ ሁለት ጎሚኒዎች (ክንዱ ከፍሬሙ ጋር በሚያያዝበት ቦታ የሚገቡ ባለ ላስቲክ ቀለበቶች) አሉ። ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ ተጣማሚ አክስል ነው ያላት።

ፍሬን ስይዝ ከፊት በግራ በኩል አንድ ጊዜ «ድው» ይላል። ነዳጅ መርገጫውን ስለቅ መኪናዋ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ትሸሻለች፤ መልሼ ስረግጥ ትስተካከላለች። የግራው የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዙ ከውጩ ቀድሞ እያለቀ ነው። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቼላት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መሪው እንደገና ጠመመ። ጎንበስ ብዬ ስመለከት የግራው ክንድ የኋላ ጎሚኒ ላስቲክ ተሰነጣጥቋል።

ከነካኋት አይቀር ላሻሽላት አስቤያለሁ። ከፊትም ከኋላም ሁሉንም በፖሊዩሪቴን (ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ) ብቀይር ይሻላል? ጎሚኒውን ብቻ ላውጣና ላስገባ ወይስ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ልቀይር? ፕሬስ የለኝም፤ የእጅ መሣሪያ ግን አለኝ።

መልስ፣ መፍቻ ያዥ

ወንድሜ፣ ስለ ማሻሻል ከማውራታችን በፊት የሞተው የትኛው እንደሆነ እንወቅ። ላስቲክ ላዩ ላይ በስሱ ስለተሰነጣጠቀ ብቻ አለቀ አይባልም፤ ዕድሜው ነው። አለቀ የሚባለው ላስቲኩ ከውስጡ ብረት ወይም ከውጩ ቀለበት ሲላቀቅ፣ ስንጥቁ ጠለቅ ብሎ ሲገባ፣ ወይም የመሃሉ ቱቦ ከመሃል ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ሲተኛ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በብዙ መኪናዎች የኋለኛው ጎሚኒ ላስቲክ ውስጥ ሆን ተብለው የተተዉ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ክፍተቶች ይገኛሉ። ጠርዛቸው ለስላሳና የተስተካከለ ከሆነ የፋብሪካ ሥራ ነው። ሻካራና የተበጣጠሰ ከሆነ፣ ወይም ከክፍተቱ ጫፍ ተነስቶ ወደ ብረቱ የሚሄድ ስንጥቅ ካየህ፣ ያ ተቀዷል። በውስጣቸው ፈሳሽ የያዙ ጎሚኒዎችም አሉ፤ እነዚህ ሲፈነዱ ዙሪያቸው በቅባት መሰል ነገር ይርሳል።

ለመፈተሽ አንድ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥና ሜዳ ላይ ፍሬን እንደያዘ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ ይግፋት። አንተ ከጎን፣ ራቅ ብለህ ቁም፤ ከፊቷም ከኋላዋም አትቁም። ጎማው በፓራፋንጎው ውስጥ ወደ ኋላ ሲንሸራተት በዓይንህ ከታየህ የኋለኛው ጎሚኒ ሥራውን ትቷል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ መኪናዋን በብረት መደገፊያ ላይ አስቀምጣትና በክንዱና በፍሬሙ መካከል የብረት ዘንግ አስገብተህ በልኩ ፈልቅቅ። ደህና ጎሚኒ በጥቂቱ ተለጥጦ ይመለሳል፤ የሞተው ኳ ብሎ ይዘላል።

እግረ መንገድህን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንቱን (በክንዱ ጫፍ ያለውን ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታውን ጠርጥር። ከግራና ከቀኝ ስትይዘው ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የመሪውን ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ተመልከት። በዝግታ ስትሄድ በትናንሽ ጉድጓዶች ላይ የሚንኳኳው አብዛኛውን ጊዜ የማረጋጊያው ዘንግ (መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘው ብረት) ማያያዣ እንጂ የክንዱ ጎሚኒ አይደለም።

መልስ፣ ጠንካራው

እኔ ከፖሊዩሪቴን ወገን ነኝ፤ ለፊት ክንድ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ፍሬን ሲያዝ ክንዱ ወደ ኋላ አይሸሽም፤ መሪው ያዘዝከውን ወዲያው ይፈጽማል። ዘይትና ጨውም እንደ ላስቲክ በቶሎ አይጎዱትም። ሌላው ጥቅሙ ለአንተ ዓይነቱ ሰው ነው፦ ብዙዎቹ በሁለት ግማሽ የተከፈሉ ስለሆኑ ያለ ፕሬስ በእጅ ወይም በሞርሳ ይገባሉ፤ ቱቦው በመጨረሻ በመሃላቸው ያልፋል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በል። ጥንካሬው ሾር ኤ በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠነክራል፤ የፋብሪካ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ሲሆን ለመንገድ የሚሸጠው ፖሊዩሪቴን ከ70 እስከ 95 ይደርሳል። በየቀኑ ለምትነዳት መኪና ከ80 ሾር ኤ በላይ የሆነ አትግጠም፤ የመንገዱ ንዝረት ሁሉ ወለሉ ላይ ይሰማሃል። ሁለተኛው ቅባቱ ነው። ፖሊዩሪቴን ከብረቱ ጋር አልተጣበቀም፤ ቱቦው ላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ አብሮት የሚመጣውን ወፍራም፣ የሚጣበቅ የሲሊኮን ቅባት በቱቦው ዙሪያና በጎኑ ፊቶች ላይ በደንብ ቀባው። ቅባቱ ሲያልቅ ይንጫጫል፤ ያኔ ፈትቶ መቀባት እንጂ ከውጭ የሚረጭ ነገር አይረዳም።

መልስ፣ የአክስል ተማሪ

በፊቱ ክንድ ላይ ከጠንካራው ጋር ብዙም አልጣላም። ለኋላው አክስል ግን ፖሊዩሪቴንን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ጠያቂው ሳይገዛ ምክንያቱን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ጎሚኒ ድምፅ ማፈኛ ብቻ አይደለም፤ የሰስፔንሽኑ ንድፍ አካል ነው። መሐንዲሶቹ በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል መለጠጥ እንዳለበት ያሰሉታል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ፖርሽ 928 ነው። በኋላ ሰስፔንሽኑ ላይ መለጠጥ ሆን ተብሎ ስለገባ፣ ነጂው በመታጠፊያ መሃል ነዳጅ ሲለቅ የኋላ ጎማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ያዞራሉ፤ መኪናውም ጭራው አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ጎልፍ ደግሞ ተመሳሳይ ሐሳብ በተጣማሚ አክስል ላይ ይዞ መጣ። በመታጠፊያ ላይ የጎን ኃይሉ አክስሉን በሙሉ ወደ ውጭ ሊያዞረው ይሞክራል። የአክስሉ ጎሚኒዎች ግን አቀማመጣቸውና ቅርጻቸው አክስሉ በዚያ ኃይል ወደ መጥፎ አቅጣጫ እንዳይዞር ያርሙታል። ይህን በአንድ ወጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ስትተካው እርማቱ ይጠፋል።

ሌላም ችግር አለ። የአክስሉ ጎሚኒ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ አይዞርም። አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላው ሲወርድ ይጠመማል፣ ይታጠፋል፣ ይጎተታል። ላስቲክ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይችላል። ፖሊዩሪቴን በደንብ የሚችለው መሽከርከርን ብቻ ስለሆነ በሌሎቹ አቅጣጫዎች አልለጠጥ ብሎ ይነክሳል፤ ንክሻው እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ አያያዙን ያበላሻል። ለኋላ አዲስ የፋብሪካ ዓይነት ላስቲክ ግጠም፣ ያውም ያረጀው ካለቀ ብቻ።

የፊቱ ክንድም ቢሆን ሁለቱ ጎሚኒዎች አንድ ሥራ የላቸውም። የፊተኛው በአብዛኛው እንደ ማጠፊያ ያገለግላል፤ ፖሊዩሪቴን የሚስማማው ለእሱ ነው። የኋለኛው ጎማው ጉድጓድ ሲመታ በጥቂቱ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ የሚያደርገው ነው። እሱን ድንጋይ ካደረግኸው ምቱ ወደ ፍሬሙ ያልፋል።

መልስ፣ አሮጌ ወዳድ

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው፦ ላስቲክ ሆኖ ክፍተት የሌለው። በአራተኛው ትውልድ ጎልፍ ላይ ባለቤቶች የኋለኛውን ባለ ክፍተት ጎሚኒ አውጥተው የአውዲ ቲቲን ደፍን ላስቲክ ያስገባሉ፤ ሁለቱ በአንድ መሠረት ላይ ስለተሠሩ ይገጥማል። መሪው ይጠነክራል፣ ድምፁ ግን አይጨምርም ማለት ይቻላል፤ ቅባትም አይጠይቅም። የእርስዎም መኪና ፈጠን ያለ ወይም ከበድ ያለ ዘመድ ካላት በመለዋወጫ ቁጥር ያመሳክሩ። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ ጠንካራውን ሠርቶ አስቀምጦታል።

ክንዱን ሙሉ በሙሉ ስለመቀየር፦ ቦል ጆይንቱ ከክንዱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ከሆነና እሱም ከላላ፣ ወይም ክንዱ በዝገት ከተበላ፣ ሙሉውን ይቀይሩ። ፕሬስ ለሌለው ሰው ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል። አዲሱ ክንድ ይዞት የሚመጣው ጎሚኒ ግን ጥራቱ ሊለያይ ስለሚችል ሳይገጥሙት በጣትዎ ተጭነው ይመልከቱት። ክንዱ ጤነኛ ከሆነ ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ለሚያወጣ ሰው የምለው ይህ ነው። አሮጌውን ሳይነኩ በፊት ክፍተቶቹ በየት አቅጣጫ እንደሚመለከቱ ክንዱ ላይ በቀለም ያስምሩ፤ አዲሱ ተጣሞ ከገባ የመለጠጡ አቅጣጫ ይዛባል። ላስቲኩን በመሰርሰሪያ በሳስተው ካወጡ በኋላ የብረት መጋዝ ምላጭ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈው የውጩን ቀለበት በአንድ ቦታ ይሰንጥቁት። የክንዱ ብረት ጋ ከመድረስዎ ጥቂት በፊት ያቁሙ፤ የቀረውን በመሮ ወደ ውስጥ ያጥፉት። ክንዱ ላይ የሚቀር የመጋዝ ቧጨራ ነገ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። በእሳት ማቃጠል የሚመክርዎት ካለ አይስሙት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ለማስገባት ረጅም ጠንካራ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ወፍራም ሮንዴላዎችና ልክ የሆኑ ሁለት የቱቦ ቁራጮች ይበቃሉ። የሚገፋው ቱቦ በውጩ ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ በመሃሉ ቱቦ ላይ ከገፉ ላስቲኩን ገና አዲስ ሳለ ይቀዱታል። ክንዱ ከታጠፈ ቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ እንዳይጨማደድ በግድግዳዎቹ መካከል መደገፊያ ያስገቡ። ማለስለሻው የሳሙና ውሃ ይሁን። የሞተር ዘይትና ግራሶ ላስቲክን ያሳብጣሉ።

መንገደኛው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው የረዳችሁኝ። ፈተናውን አደረግሁ። የግራው የኋለኛ ጎሚኒ ተላቅቋል፤ ፍሬን ይዘን ስንገፋት ጎማው በግልጽ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቀኙም ተሰንጥቋል። ቦል ጆይንቶቹ ጤነኞች ናቸው፤ የኋላው አክስልም ላስቲኩ ሙሉ ነው። ስለዚህ ኋላውን አልነካም። ከፊት ለሁለቱም ጎን አራት አዲስ ላስቲኮች፣ የኋለኞቹን ክፍተት የሌላቸው አድርጌ እገጥማለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የጥገና መመሪያው ቡሎኖቹን የመጨረሻ ማጥበቅ «መኪናው በጎማው ቆሞ» ይላል። መኪናዋ ከወረደች በኋላ እጄ ከሥር አይገባም። ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው? እንዴትስ ላድርገው?

መልስ፣ መፍቻ ያዥ

ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ አሁን ጠየቅህ። የላስቲክ ጎሚኒ አይሽከረከርም። ላስቲኩ ከውስጡ ቱቦና ከውጩ ቀለበት ጋር ተጣብቋል፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ደግሞ የውስጡ ቱቦ ከፍሬሙ ጋር አንድ ይሆናል። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዛል፤ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ወደ መነሻው ይመለሳል። ያ መነሻ የሚወሰነው ቡሎኑ በጠበቀበት ቅጽበት ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅኸው፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ገና ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማም እየሄደችም ዕረፍት የለውም፤ አዲሱ ጎሚኒ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቀደዳል። ብዙ ሰው «የገዛሁት ዕቃ መጥፎ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሥራውን ሳትጀምር፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ሳለ፣ ከጎማው መሃል ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለካና ጻፈው፤ ለምሳሌ 36 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በመደገፊያ ላይ ሆና ሁሉንም ገጥመህ ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዛቸው። ክሪኩን በክንዱ ጫፍ፣ በቦል ጆይንቱ አጠገብ አስገብተህ ቀስ ብለህ አንሳ። ከጎማው ማሰሪያ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያው 36 ሲሆን አጥብቅ። የማረጋጊያው ዘንግ እንዳይታገልህ የሁለቱንም ጎን ማያያዣ አስቀድመህ ፍታው። መኪናዋ ከመደገፊያው ላይ መነሳት ከጀመረች ግን አቁም፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ጽኑ መወጣጫ ላይ አውጥተህ፣ የኋላ ጎማዎቹን በሽብልቅ ይዘህ ከሥር ማጥበቅ ይሻላል።

በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ግን አትግባ።

ልኩን ከራሷ መመሪያ ውሰድ፤ ከሌላ መኪና አትገምት። በብዙዎቹ ቡሎኑ በቶርክ መፍቻ ከተጠበቀ በኋላ ተጨማሪ 90 ዲግሪ ይዞራል። እንዲህ ያለው ቡሎን ስለሚለጠጥ ሁለተኛ አያገለግልም፤ አዲስ ግዛ።

መልስ፣ ጠንካራው

ላስቲክ በመምረጥህ አልከፋኝም። መፍቻ ያዥ ያለው ማስጨነቅ ለፖሊዩሪቴን አይሠራም፤ እሱ በቱቦው ላይ ስለሚሽከረከር በየትኛውም ከፍታ ቢጠብቅ ለውጥ የለውም። ሌላ ጊዜ የፊተኛውን ብቻ ብትሞክረው የአክስል ተማሪም የሚከለክልህ አይመስለኝም።

መንገደኛው

ሁለቱንም ጎን ጨረስሁ። የቀኙን የኋለኛ ቀለበት ማውጣት ከሁሉም በላይ አደከመኝ፤ ዝገቱ ከክንዱ ጋር አጣብቆት ነበር። ያጠበቅሁት መወጣጫ ላይ ነው። ፍሬን ስይዝ የነበረው ድምፅ ጠፍቷል፤ ነዳጅ ስለቅም አትሸሽም። መሪው ግን ቀጥ ብዬ ስሄድ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቆሟል። አላይመንት ወዲያው ላሠራ ወይስ ጎሚኒዎቹ እስኪለምዱ ጥቂት ልንዳት?

መልስ፣ አሮጌ ወዳድ

በትክክለኛው ከፍታ ስላጠበቋቸው የሚጠብቁት ነገር የለም፤ ነገውኑ ያሠሩ። መሪው የዞረው የድሮው አላይመንት በላላው ጎሚኒ ላይ ስለተሠራ ነው። ክንዱ አሁን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የመሪው ዘንጎች ርዝመት ግን ለተሳሳተው ቦታ እንደተስተካከለ ቀርቷል። ለሠራተኛው የክንድ ጎሚኒዎች እንደተቀየሩ ይንገሩትና መጀመሪያ መሪውን ቀጥ አድርጎ እንዲያስር፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን እኩል እንዲያስተካክል ይጠይቁት። የኋላውንም ንባብ ያሳይዎት፤ ተጣማሚው አክስል የሚስተካከል ባይሆንም ወደ ጎን ዞሮ ከተገኘ መሪው የሚጠመው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ውስጡ ያለቀውን ጎማ ደግሞ ወደ ኋላ ያዛውሩት። ሽቦው ከታየ ወይም በውስጥ ጠርዙ ያለው ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግን ይጣሉት።