ካንሰር የታመሙት እናቴ ከሰው ርቀዋል፤ የሥነ ልቦና ድጋፍ እንዴት እናግኝላቸው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የ58 ዓመት እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ኬሞውን ጨርሰው አሁን በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ይወስዳሉ። ሐኪሞቹ ሕክምናው ጥሩ እየሄደ ነው ይላሉ፤ እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው «ደክሞኛል» ይላሉ፤ ሌሊት ሲገላበጡ ያድራሉ፤ የሚወዱትን ወዳጃ (ቡና ተፈልቶ በጋራ የሚደረገውን ዱዓ) እንኳ ከተዉ ወራት አልፈዋል፤ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይጠፋም። ታላቅ ወንድሜ የበሽታው ስም እንዳይነገራቸው ስለከለከለ እስካሁን የሚያውቁት «እጢ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብንወስዳቸው ሰው «አበዱ» እንዳይል ፈራን። ይህ በጊዜ የሚያልፍ ነው ወይስ ሕክምና ይፈልጋል? እውነቱንስ ብንነግራቸው ይብስባቸው ይሆን?

የአእምሮ ጤና ባለሙያ (ደሴ)፦
እናትዎን ይማርልዎት። ካንሰር የያዘው ሰው ማዘኑ የሚጠበቅ ነው፤ ሐዘኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ዘልቆ ከሚወደው ነገር ሲነጥለው ግን ድብርት የሚባለውን ሕመም እንጠረጥራለን። ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከካንሰሩ ሕክምናም ሊመጣ ስለሚችል፣ እኔ አብልጬ የምመለከተው ከወዳጃ መቅረታቸውንና ራሳቸውን እንደ ሸክም መቁጠራቸውን ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የአማርኛ መመዘኛ አለ፤ ባለሙያው እያወያየ ይጠይቃቸዋል። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የሰው ወሬ ካስጨነቃችሁ በካንሰር ክትትላቸው ቀን ሐኪማቸው እንዲልካቸው ጠይቁ።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። የሚውጡት እንክብል ታሞክሲፈን ከሆነ ለአእምሮ ሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትቀሩ፤ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ወደሚሠራው ዓይነት የሚለወጥበትን ኢንዛይም ስለሚያግዱ የካንሰር መድኃኒቱን ጉልበት ሊቀንሱት ይችላሉ። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊመርጥላቸው ይችላል። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚወስድም ቶሎ «አልሠራም» ብላችሁ እንዳታቋርጡት። መሞትን እንደሚመኙ ከተናገሩ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ለብቻቸውም ሳትተዉ አምጧቸው።

የጦሳ ጥግ (ደሴ)፦
ባለቤቴን ለረጅም ጊዜ አስታምሜያለሁ። ኬሞ የሚወስዱ ሕሙማን አጠገብ ላጠገብ ሲውሉ እርስ በርሳቸው ስለሚጠያየቁ፣ እናትዎ የበሽታውን ስም ያልሰሙ አይመስለኝም፤ ምናልባት ዝም የሚሉት እናንተን ላለማስጨነቅ ይሆናል። ወደ ወዳጃው መሄድ ከከበዳቸው ወዳጃው እሳቸው ዘንድ ይምጣ፤ ሁለት ሦስት የሚወዷቸው ሴቶች ቤታችሁ ቡና አፍልተው ዱዓ ቢያደርጉላቸው ከብዙ ምክር ይበልጣል። ያው የዱዓው ሰዓት የእንክብሉን ሰዓት እንዳያስረሳ ተጠንቀቁ።

ገራዶ፦
በወንድምዎ አልፈርድም። እውነቱን ሰምቶ ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ ያቆመ ሽማግሌ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ማወቅ ይፈልጋል ማለት ልክ አይደለም።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ (ደሴ)፦
ገራዶ ያሉት እውነት አለው፤ ስለዚህም ነው ከመናገር በፊት መጠየቅ የሚቀድመው። «እማ፣ ስለ ሕመምሽ ምን ተረድተሻል? ሐኪሙ ሁሉንም እንዲነግርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» ብሎ መጠየቅ ምርጫውን ለእሳቸው ይተዋል። ማወቅ አልፈልግም ካሉ ይከበርላቸው፤ ከጠየቁ ግን አይዋሹ። ቢቻል ሐኪሙ ባለበት፣ ሰው በማይበዛበት ክፍል፣ የሚያምኑት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ይነገራቸው፤ ከስሙ ጋር ምን ሕክምና እንደተደረገላቸውና ምን እንደቀረም አብሮ ይገለጽላቸው።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽፋኑን ሳየው እንክብሉ ታሞክሲፈን ነው፤ ስሙን በወረቀት ጽፌ ከካርዳቸው ጋር አድርጌዋለሁ። ወንድሜ መልሶቹን ካነበበ በኋላ ጥያቄውን ራሱ ሊጠይቃቸው ተስማምቷል። የክትትል ቀጠሯቸው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍሉ እንዲልኳቸው ያኔ እንጠይቃለን።